ሶስና ተረቱን ያቋረጠችበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው የካ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ካሉት የድሮ የጭቃ ቤቶች በአንዱ ነበር። መብራት ያኔ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ እራት ከተበላ በኋላ የከሰሉን ምድጃ ከበን እንቀመጥና አያቴ አባባ በቀለ ተረት ይነግሩን ነበር። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የሠሩ መካኒክ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ሥራቸው ሁሉ ጓሮ ካሉት ዶሮዎች ጋር ሆነ፤ ተረታቸውም እንደዚያው። አንበሳና ጦጣ እሳቸው ዘንድ ብዙም ቦታ አልነበራቸውም። ፍሙን በዱላቸው ጫፍ ቆስቆስ ሲያደርጉት ፊታቸው ለአፍታ ቀልቶ ይታይና መልሶ ይጨልማል፤ አስፈሪው ቦታ መድረሱን እኔ በዚያ አውቅ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የአክስቴ ልጅ ሶስና ከእኛ ጋር ልትኖር መጣች። እኩያዬ ናት። እናቷ፣ የአባባ የመጨረሻ ልጅ፣ ያረፈችው በዚያው ክረምት ነበር። ሶስና ከዚያ ወዲህ «እሺ» እና «በቃኝ» ከማለት በቀር አትናገርም፤ አታለቅስም። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ውስጥ፣ እንቁላል የታቀፉት ሁለት ዶሮዎች አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። አባባ «ለምን?» ብለው አይጠይቋትም። ማታ ግን ተረታቸውን የሚናገሩት ወደ እሷ ዞረው ነበር።

ከሁለቱ ገብስማዋ ቀድማ ፈለፈለች። ወዲያው በማግስቱ ሸለምጥማጥ ከጫካው ወርዶ በላት። ጠዋት ስንነሳ ላባዋ አጥሩ ሥር ተበትኖ፣ ጫጩቶቹ ጭዱ ውስጥ ተኮራምተው ሲንጫጩ አገኘናቸው። ቀይዋ ደግሞ ቀኗ ካለፈ ቆይቶ፣ ገና እንቁላሎቿ ላይ እንደተጎለተች ነበር። አባባ እንቁላሎቹን በባትሪ ብርሃን ቢያዩአቸው አንዱም ጫጩት የለበትም። እናቴ ጫጩቶቹን ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋ ምድጃው አጠገብ አኖረቻቸው፤ ያም ሆኖ አንዱ ከቀትር በኋላ ሞተ። በዚያ ብርድ ያለ እናት እንደማይሰነብቱ ሁላችንም ገብቶናል።

ያን ምሽት አባባ፣ እናታቸው ስለሞተችባቸው ጫጩቶች ማውራት ጀመሩ። ጫጩቶቹ አንዲት ዶሮ ደጃፍ ደርሰው «አስገቢን» ይላሉ፤ ዶሮዋም የማን ልጆች እንደሆኑ እንኳ ሳትጠይቅ ክንፏን ትከፍትላቸዋለች።

«ወዲያው ሁሉንም አቀፈቻቸውና...»

«ውሸት ነው» አለች ሶስና።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዶሮ የሌላ ዶሮ ጫጩት አታስገባም። ጠዋት አንዱ ሲጠጋት ቀይዋ ነቁራዋለች። አይቻታለሁ።»

የአባባን ተረት ማንም አቋርጦ ስለማያውቅ ይቆጧታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ዱላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ታዲያ ምን ይሻላል፣ ልጄ?»

ሶስና ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበች። «እማዬ ለዶሮዋ የሌላ ጫጩት የምትጨምርላት ሲጨልም ነበር። ዶሮ በጨለማ አታይም። እንቁላሉን እያወጡ በቦታው ጫጩት ማስገባት ነው። ሲነጋ እሷ የፈለፈለቻቸው ይመስላታል።»

እናቷን ስታነሳ ስንሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«በይ ተነሺ» አሉ አባባ ባትሪውን እያነሱ።

ጓሮ ወጣን። አባባ ባትሪውን በጋቢያቸው ስለሸፈኑት ብርሃኑ ለሶስና እጅ ብቻ ይበቃ ነበር። ቀይዋ ላባዋን ነፍታ አጉረመረመች። ሶስና እጇን በዝግታ ሥሯ እየሰደደች አንድ እንቁላል ታወጣና ለእኔ ታቀብለኛለች፣ ከዚያ አንድ ጫጩት ታስገባለች። የመጨረሻው ሲገባ ቀይዋ ማጉረምረሟን ተወችና እስከዚያ ቀን ሰምተነው የማናውቀው ለስለስ ያለ ድምፅ አሰማች። ይሄኔ ሶስና እዚያው እንደተንበረከከች አለቀሰች። አባባ «አይዞሽ፣ በቃ» አላሏትም። አጠገቧ ጭዱ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ደረቡላት፤ አልቅሳ እስክትጨርስ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ሲነጋ ቀይዋ ጫጩቶቿን አስከትላ መሬቱን ስትጭር አገኘናት። እናቴ ፍርፋሪ ብትበትንላት ራሷ ሳትቀምስ ጫጩቶቹን ጠራች። እኔ ጠጋ ስል ዘላ መጣችብኝ። ስሮጥ ጫማዬ ወለቀ፤ ሶስናም ሳቀች።

ካደግሁ በኋላ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። አክስቴ ዶሮ ማርባትን የተማረችው ከማን ነው? ከአባባ ካልሆነ ከማንም አይሆንም። አንድ ቀን «ዘዴውን ያውቁት ነበር አይደል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ምን ይመስልሻል?» ብለው ሳቁ።

ዛሬ አባባ የሉም። እኔ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ፤ አስተማሪ ነኝ። ተረቶቹን አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ ልጆቼ ሲጠይቁኝ ግማሽ መንገድ ላይ ይጠፉብኛል። ያ «ውሸት ነው» የሚለው ድምፅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር አንድ ዝምተኛ ልጅ «እንደዚያ አይደለም» ሲለኝ፣ ማስተማሬን አቆምና ምን እንዳየ እጠይቀዋለሁ።