ናጃት ጣራ ላይ የገጠመችው

ፈሪዳ ሥራ የማይታክታት፣ ወሬ የምትወድ የወሎ ልጅ ናት። ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር በሰው ቤት ከተቀጠረች ወዲህ ወሬዋን የምትጨርሰው ጣራ ላይ ልብስ ስታሰጣ ነበር። በግንቡ ማዶ፣ በጎረቤቱ ጣራ ላይ፣ ያገሯ ልጅ ናጃት ታሰጣለችና። ናጃት ግጥም ትገጥማለች፣ ፈሪዳ ዜማ ታወጣለታለች። አሠሪዎቻቸው እነዚህ ልጆች ልብስ ማጠብ ለምን እንደሚወዱ ሳይገባቸው ቀረ።

አንድ ቀን ናጃት እንዲህ አለች፦

ካይኗ ብሰወር ትጨነቃለች፤
ስሜን ሳትጠራ መች ትተኛለች።

ፈሪዳ ቀኑን ሙሉ የምትጣራውን ማዳሟን አስባ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ናጃትም ሳቀች። ፈሪዳ ዜማ አወጣለታለሁ ብላ ቃል ገባች።

ዜማው ሳይወጣ የናጃት እናት መታመማቸው ተሰማ። መንፉሐ በሚባለው የሪያድ ሰፈር ሐበሾች በታፈሱ በዓመቱ ነው። ናጃት አሠሪዎቿን ለምና አገሯ ስትገባ እናቷ ተቀብረው ጠበቋት። ከዚያ ወዲህ ስልክ አታነሳም፣ ሰው አታናግርም ተባለ። ፈሪዳ ባዶውን ጣራ ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። ናፍቆት ይገድላል የሚሉት ውሸት ነው፤ ልብስ እያሰጣ ያኖራል።

በመጨረሻ ያቺን ግጥም በሠርግ ዜማ አድርጋ ልታስቃት፣ ካሳቀቻትም ልታናግራት አሰበች። ድምፅዋን ቀድታ ልትልክላት ስልኳን ከፍታ ጉሮሮዋን ጠረገች። የሠርጉ ዜማ ግን እምቢ አላት፤ ለብቻ አይጨፈርም። በሱ ፈንታ አባቷ ይሉት የነበረ ቀስ ያለ የመንዙማ ዜማ መጣላት። «ስሜን ሳትጠራ» የሚለው ጋ ስትደርስ ነገሩ ገባት። ግጥሙ ውስጥ ማዳም የለችም። ያለችው በዱዓዋ የልጇን ስም ሳትጠራ የማትተኛ እናት ናት።

ቁስሏን እነካካባታለሁ ብላ ፈራች። ግን ላከችው።

በማግስቱ የናጃት ድምፅ ሻክሮ መጣ።

«እህቴ፣ ግጥሙ ፊትም የእናቴ ነበር። አንቺ ስትስቂ ጊዜ አብሬሽ ሳቅሁ። እስቲ ድገሚልኝ።»

ፈሪዳ እርጥቡን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ስልኳን ወደ አፏ አስጠጋች። ከታች ማዳም ትጣራለች። ትጣራ። ፈሪዳ «ስሜን» የሚለው ጋ ስትደርስ ቃሉን ትታ «ናጃትዬ» አለች፤ ከእንግዲህ ማታ ማታ ስሟን የሚጠራላት ሰው እንዳታጣ።