የይታይሽን ታሪክ ያስቀረሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህችን ግን እዘላታለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

እንጅባራ የምኖር የፊዚክስ መምህር ነኝ። የሳይንስ መሣሪያ በቀላሉ ከሚገኝ ዕቃ ሠርቶ አሠራሩን ለፈለገው ሁሉ በነፃ የሚያካፍል ማኅበር አለ፤ አባላቱ በየአገሩ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ማኅበሩ በየወሩ የአንድ አባል ታሪክ በድረ ገጹ ያወጣል። የእኛን አካባቢ አባላት አነጋግሬ፣ ታሪካቸውን በእንግሊዝኛ ጽፌ የምልክ እኔ ነበርሁ።

ይታይሽ ቢተው ዳንግላ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበረች። ማኅበሩ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ያኔ ሽቦ መበየድ እንኳ አታውቅም። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ከቀርከሃና ከተሰበረ ስልክ ካሜራ ካወጣችው ሌንስ ማይክሮስኮፕ ሠራች። "ጋሼ፣ መጥተው ይዩልኝ" ብላ ደወለችልኝ። በሚኒባስ ሄድሁ።

ከሌንሱ ሥር ያስቀመጠችው የታመመ የድንች ቅጠል ነበር። ዓይኔን አስጠግቼ ሳይ ሻጋታው እንደ ጥጥ ክር ተዘርግቶ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ አውጥቶ ታየኝ።

"እንዴት ነው ጋሼ?" አለችኝ።

"ደህና ነው" አልኋት።

ደህና ነው! እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የዝናብ መለኪያ ስሠራ ስሰብር ኖሬ "እስቲ አሳየኝ" ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። እርሷ ደጅ ግን ተማሪው ተሰልፏል፤ ገበሬው የድንች ቅጠሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ተራ ይጠብቃል። ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም። ያስተማርኋት ልጅ ስለበለጠችኝ አንጀቴ አረረ።

ታሪኳን ልጽፍ ስነሣ ጥርባ ወደምትባል የገጠር መንደር፣ አባቷ ቤት ወሰደችኝ። አያ ቢተው የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት እየሠሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አዛውንት ነበሩ። ማይክሮስኮፑ ፀሐይ ሲያገኘው እየተሰነጠቀ ሲያስቸግራት፣ ቀርከሃውን በጭስ ማድረቅ ያስተማሯት እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው በአውንጊ ሲናገሩ ይታይሽ ትተረጉምልኛለች። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብለዋት ሳቀች።

"'የእኔም ስም ይጻፋል ወይ?' ይሉዎታል" አለችኝ።

"ይጻፋል፣ አያ" አልኋቸው። ተነሥተው መረቁኝ።

ጻፍሁት። እንደዚያ ያማረልኝ ጽሑፍ የለም። ደግሜ ሳነበው ግን ራሴን ፈለግሁና አጣሁት፤ አንድ መስመር ላይ "አስተማሪዋ" ከሚል በቀር የለሁም። እንዲያም ሆኖ ላክሁት፤ በዚያው ሳምንት የማኅበሩ አስተባባሪ ጻፈችልኝ። "የወሩ ባለታሪክ መሣሪያውን ይዞ በጉባኤያችን ላይ እንዲገኝ እንጋብዛለን። ባለታሪኳ ስሟ እንዲወጣ ፈቅዳለች?" የሚል ነበር። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ምንም አያወጡም። አንዲት "አዎ" ትበቃ ነበር።

እኔ ግን "ሐሳቧን ቀይራለች፤ ስሟም ፎቶዋም እንዲወጣ አትፈልግም። እባካችሁ አታስቸግሯት" ብዬ መለስሁ። በምትኩ የዝናብ መለኪያዬን ታሪክ ላክሁ። ወጣ። ጉባኤውም ላይ ተገኘሁ። ፎቶዬን አይታ ከሁሉ ቀድማ "እንኳን ደስ አለዎ ጋሼ" ያለችኝ ይታይሽ ነበረች።

"የእኔስ?" አለችኝ ቀጥላ።

"ተራው አልደረሰም" አልኋት። በሚቀጥለው ወር "ኔትወርኩ አስቸግሮኝ" አልኋት። በሦስተኛው ወር ራሷ መጣች። "ቀርከሃ ስለሆነ ንቀውት ነው፣ አይደል? እውነቱን ይንገሩኝ።"

ዝም አልሁ። እርሷም መልሱን ከዝምታዬ ወሰደች። ያን ጊዜ እንኳ መናገር እንዴት አቃተኝ? ምን በድላኝ ነበር? ከዚያ ወዲያ ማይክሮስኮፑን ለሰው ማሳየት ተወች። ዓመት ሳይሞላ ሥራዋንም ለቅቃ ጫግኒ ባል አግብታ ወረደች።

አያ ቢተው በዚያው ክረምት ዐረፉ። ገበያ በወጡ ቁጥር "ጽሑፉ መጣ ወይ?" እያሉ ይጠይቁ እንደነበር የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው። እኔም ድንኳኑ ውስጥ እንደ ማንም ሰው ተቀምጬ ንፍሮ ቆረጠምሁ።

ባለፈው ወር ጫግኒ መናኸሪያ ላይ ይታይሽን አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና "ጋሼ፣ ያኔ ለእኔ ብለው ስንት ደከሙ! እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። ነገሩ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። "ኧረ ምንም አይደል" አልኋት። ያልሠራሁበትን ምስጋና ተቀብዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ከመጀመሪያው ውሸቴ ይልቅ ይህች የባሰች መሰለችኝ።

ልጅ ነበርሁ አልልም፤ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ ጣቴ። ይህን ጽሑፍ ለማኅበሩ እልከዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ጫግኒ ወርጄ ለእርሷ አነብላታለሁ። ይቅር ባትለኝ አልፈርድባትም።

አያ ቢተውስ? ለእርሳቸው የት ሄጄ ላንብብላቸው?