ለጋሽ አሰፋ ያልወጣው እርምት

ዛሬ ጠዋት እትዬ ዘነበች ደውለው «አሰፋ አረፈ» ሲሉኝ ከአፌ የወጣው ቃል እስካሁን ያሳፍረኛል።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

ሚስታቸውን እኮ ነው! እጃቸውን ይዘው ሳሉ የሞቱባቸውን ሴትዮ!

አይፈረድብኝም። ጋሽ አሰፋ ከስምንት ወር በፊት አንዴ ሞተዋል። ፌስቡክ ላይ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ አሰፋ ፒያሳ የነበረው ጋዜጣችን አዘጋጅ ነበሩ። እኔን ጋዜጠኛ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ዜና አገኘሁ ብዬ እያለከለክሁ ስገባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና «ማን ነገረሽ?» ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። «እሺ፣ ሁለተኛውስ?» ሁለተኛ ሰው ከሌለኝ ወደመጣሁበት ነው፤ ዝናብ ይሁን ፀሐይ ጉዳያቸው አይደለም።

ስንሳሳት ደግሞ፣ ተሳስተናል እኮ፣ እርምቱ ስህተቱ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይወጣል። አንዴ የአንድ ሰውዬ ሚስት ያልሆነችውን ሚስቱ ብዬ ጽፌ እርምቱን በገዛ እጄ አስጽፈውኛል። እያለቀስኩ ጻፍኩት።

ባልደረባዬ ብሩክም የተማረው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንባቢው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ጋዜጣው ሲዘጋ «ቀዳሚ ወሬ» የሚል የፌስቡክ ገጽ ከፈተ። እኛ ስናጉረመርም ጋሽ አሰፋ አልተቆጡም። «ወረቀት ታቦት አይደለም፤ ሰው ያለበት ሄዳችሁ ጻፉ» አሉን። መርቀው ነው የሸኙት።

ብሩክ ምን አደረገ? ጋሽ አሰፋ ታመው ሆስፒታል መግባታቸውን ማኪያቶ ሲጠጣ ከሰው ሰማ። በማግስቱ በማለዳ «አንጋፋው ጋዜጠኛ አረፉ» ብሎ ለጠፈ። ሰውዬው እኮ በዋዜማው ድነው አፍንጮ በር ቤታቸው ገብተዋል!

እኔም፣ አልደብቃችሁም፣ ሻማ ለጥፌ ሼር አደረግሁት። አንድ ስልክ ሳልደውል።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ስማቸውን ሳይ ስልኩን ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

«ጽጌ፣ ማን ነገረሽ?»

«ብሩክ፣ ገጹ ላይ» አልኳቸው።

«እሺ፣ ሁለተኛውስ?»

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ድንቁም ልጁ ከስልኳ አንብባለት ጥሩምባውን ይዞ ወጥቶ ነበር። ጋሽ አሰፋ አልጋቸው ላይ አጥሚት እየጠጡ የራሳቸውን የቀብር ጥሪ ሰሙ። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ ሲገባ በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው።

ድንቁ ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? በነፋበት ቅያስ ሁሉ ተመልሶ እየነፋ «ተሳስቻለሁ! ጋሽ አሰፋ በሕይወት አሉ! ተሳስቻለሁ!» እያለ ዞረ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። ብሩክ ግን ዲግሪ አለው።

ጋሽ አሰፋ ራሳቸው ደወሉለት። «ልጄ፣ እርምት አውጣ።»

«ጋሼ፣ አጥፍቼዋለሁ እኮ! ደግሞ እርምት ማን ያነባል?» አላቸው።

መጀመሪያ ሰሞን ይስቁበት ነበር። በኋላ ግን መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ሲያማትብባቸው፣ የቀብር ወሬውን የሰማ እንጂ መዳናቸውን የሰማ ሲጠፋ፣ ፒያሳ መውጣት ተዉ። የስንት ዓመት ማኪያቷቸው ቀረ። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ስልካቸውን ያቀብሉኛል። «እስቲ እዪልኝ፣ ወጣ?» አልወጣም። ባለፈው እሑድም ጠይቀውኝ ነበር።

ዛሬ ብሩክ ደወለልኝ። ፎቶ ፈልጎ!

«ጽጌዬ፣ አሁንስ የእውነት ነው አይደል?» አይለኝም?

«መጀመሪያ እርምቱን አውጣ፣ ከዚያ ፎቶ እልክልሃለሁ» አልኩት። ዘጋብኝ። ወዲያው ለጠፈው። ያንኑ ርዕስ። ቃል በቃል። ሥሩ ሰው ምን እንደሚጽፍ እዩት። «ደግሞ ገደላችኋቸው?» «እኚህ ሰውዬ ስንቴ ነው የሚሞቱት?» ይሳቃል። አስከሬናቸው ቤት ተኝቶ ሰው ይስቃል።

ይቅር በዪው የምትሉኝ፣ ዛሬ ዞር በሉልኝ። አልልም። አንጀቴ አሯል።

ድንቁ ጋ ሄድኩ። ጥሩምባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ አላወረደውም።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«እትዬ ዘነበች።»

«ሁለተኛውስ?»

«እኔ። ገብቼ አይቻቸዋለሁ።» ያኔ ተነሥቶ አወረደው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ነገ በማለዳ ሰፈሩን ይዞራል። ከዚያ ፒያሳ ይወጣል። ብሩክ እዚያ ያለው ቢሮው የሚገባው ሦስት ሰዓት ነው፤ ድንቁም ሦስት ሰዓት መስኮቱ ሥር ነው። የሚለውን በቃሉ አስጠንቼዋለሁ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ቀብር የምትመጡ ሁሉ አስቀድማችሁ መስኮቱ ሥር ተገኙ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፣ ላይቭ አስተላልፉት። እርምት ማን ያነባል ብሎ የለ? እንግዲህ ይስማ።

ጋሽ አሰፋ፣ እርምትዎ እንዲህ ነው የሚለው፦ «ከስምንት ወር በፊት ብሩክ ጋሽ አሰፋ ሞቱ ብሎ ያወራው ሐሰት ነው። ያን ቀን በሕይወት ነበሩ። ጽጌም ሳትጠይቅ አዛምታዋለች። እስኪሞቱ ድረስ ሁለቱም አላረሙላቸውም።» የእኔን ስም ያስገባሁት እርስዎ ቢያዩት «ሌላኛው አጥፊ የታለ?» ብለው እንደሚመልሱብኝ ስለማውቅ ነው።

የዘገየሁብዎት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ የብሩክን እርምት ከምጠብቅ ያኔውኑ ድንቁን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። እርስዎ ቆመው እየሰሙ።

እትዬ ዘነበች ነገሩኝ። ሁለተኛው የገዛ ዓይኔ ነው። አሁን አመንኩ ጋሼ። ደህና ይሁኑ።