ወፍጮውን አራት ጊዜ ያዛወርኩባት መንደር

በፍራንክፈርት አም ማይን እና በዙሪያዋ ስለ መንደር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አበሻ የለም። ይህን ያልኩት ለልጄ ነው፤ አፌን በምግብ ሞልቼ ስለነበር ደግሞ ንግግሬ ክብደት ያገኘ መሰለኝ።

እውነቱን ለመናገር የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ አስፋልት ዳር ነው። በሕይወቴ ረጅሙ የገጠር ቆይታዬ አውቶቡሳችን ጎማው ፈንድቶ አርባ ደቂቃ የቆምንባት ቦታ ናት፤ ከአርባው ውስጥ ሃያውን የተኛሁ ይመስለኛል። ልጄን ሳሳድግ ግን እንቅልፍ እምቢ ባላት ቁጥር «እኛ መንደር» እያልኩ ያላወራሁላት ነገር የለም። ጅብ በጥፊ የመታ አጎት ነበረን። ሦስት ቀን ሙሉ ያስነጠሰ ቄስ ነበረን። ቤቷን ለበቅሎዋ ያወረሰች ባልቴት ነበረችን። አጎቴ በእውነቱ የባንክ ጸሐፊ ነበር፤ ጅብ ቢያጋጥመው ኮፍያውን አንስቶ መንገድ የሚለቅለት ዓይነት ሰው።

ልጄ አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በአማርኛ የምጠይቃትን በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ፤ እዚህ የምጽፈውን ንግግሯን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ጨዋ ሆና ብትታያችሁ የኔ ሥራ ነው።

«ፓፓ፣ መንደር ያስፈልገኛል» አለችኝ። «ለቅዳሜ ሳይሆን ለሚቀጥለው ቅዳሜ።»

መንደሩ ለጨዋታ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ መሪ ይሆንና ዓለሙን ይተርካል፤ ተራራው የት እንዳለ፣ በሩን ማን እንደከፈተ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ። የሚያደርጉትን በአፋቸው ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ የምትወስነው ግን ሃያ ፊት ያላት ጠጠር ናት፣ ይወረውሯታል። ሰሌዳ የለውም፣ አሸናፊ የለውም። መጀመሪያ ሲነገረኝ፣ «ታዲያ ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው? የኛ ሰው ክርስትና ላይ ተቀምጦ የሚያወራው ማለት አይደል?» ብዬ ነበር።

የጠረጴዛው መሪ ልጄ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ትምህርት ቤት ስትቀይር አንድ ዓመት ሙሉ ዳቦዋን ግቢው ውስጥ ለብቻዋ በልታለች። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣ መምህሯ ናት፤ ስትነግረኝም የምይዘው ጠፍቶኝ የክፍሉን መጥረጊያ ይዤ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጓደኛ ያገኘችው በዚህ ጨዋታ ነው። ስድስት ነበሩ፣ በቅርቡ ሁለቱ መምጣት ተዉ። የቀሩት አራቱም ስልካቸውን ማየት ጀምረዋል።

«ይሄኛውም ከሰለቻቸው አበቃ» አለች። «እና አንተ እዚያ ያሉትን ሰዎች ሆነህ ትጫወትልኛለህ። እኔ መንደር አላውቅም።»

ከተጠራሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ክፍሏ ስገባ «አንኳኳ» ከምትለኝ ልጅ ግብዣ መጣ። እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ እሺ ያልኩት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ቁጭ ያልኩ አይመስለኝም።

ከግድግዳ ወረቀት የተረፈ ጥቅል ነበረን፤ ጀርባው ላይ መሳል ጀመርኩ። ወንዝ አሰመርኩ። ወፍጮ ቤቱን ከወንዙ ወዲህ አደረግኩት። በማግስቱ በምሠራበት አየር ማረፊያ ሻንጣ እየጫንኩ ሳለሁ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከወዲያ ያለው ሰው ምን ይበላል የሚል ሐሳብ መጣብኝና ወደ ማዮርካ የሚሄድ ሻንጣ ኦስሎ ልልክ ነበር። ወፍጮውን ወደዚያ አሻገርኩት። አሁን ደግሞ ከወዲህ ያሉት ጦማቸውን አደሩ። በፓውዜ፣ በእረፍት ሰዓት መለስኩት፤ ማታ ደግሞ አሻገርኩት። ኤስ-ባን ባቡር ውስጥ ቆሜ፣ ወረቀቱን በሩ ላይ ለጥፌ፣ በአራተኛው ወንዙን ራሱን አጠማዘዝኩት። የምወርድበት የኡንተርሊደርባህ ፌርማታ አልፎኝ ሄደ፤ በእግሬ ስመለስ መንገድ ላይ ቆሜ ቤተ ክርስቲያን ጨመርኩ።

ባለቤቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳ ስታስቀምጥ ውላ ትመጣለች። ሳሎኑን የሞላውን ወረቀት አየችና ጫማዋን እጇ ላይ አድርጋ ዳር ዳሩን አለፈች።

«ጭቃ ሹም» አለችኝ፣ «ግዛትዎ ላይ ዳቦ ቤት አለ?»

«አንድ አለ።»

«እንግዲያው ዳቦ ይዘው ይምጡ፤ በዚህ ቤት አልቋል።»

መንደሬ ሃያ ሁለት አባወራ፣ አንድ ዘንዶና ሰባት ዓይነት ዛፍ ከያዘች በኋላ በአንድ ነገር ደነገጥኩ፤ ሰዎቹ ጠዋት ተነስተው ምን እንደሚሠሩ አላውቅም። ስለዚህ ወረቀቱን ጠቅልዬ ሽቫንሃይም የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ጫካው አጠገብ ትንሽ የአትክልት ቦታ ያላቸው ሽማግሌ አሉ፤ በተማሪነት መጥተው የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። እሳቸው በእውነት ገጠር ነው ያደጉት። ወረቀቱን ቲማቲሞቻቸው መሃል ዘረጋሁላቸው።

«ማን ከማን ይጣላል?» አሉኝ።

«ማንም አይጣላም፣ ጋሼ። ደስተኛ መንደር ነው።»

«እንግዲያው ሰው ገና አልገባበትም። ወሰን የገፋ የለም? ከብቱን በሰው ማሳ የለቀቀ?»

«ዘንዶ አለ።»

«ዘንዶ ምን ያደርጋል ጎረቤት እያለ።» መነጽራቸውን ወደ ወረቀቱ ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ማደሪያ ቤት ነው። እንግዳ ከፍሎ የሚያድርበት። ልጄ ናት ያዘዘችው።»

«በሃያ ሁለት አባወራ መንደር? እንግዳማ ያገኘው ደጅ ቆሞ "የመሸበት እንግዳ" ይላል፣ ይገባል። ሰርዘው።»

ሰረዝኩት።

«በጨዋታችሁ ሰው ይሞታል?»

«ጋሼ፣ ሌላ ሥራ የለውም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚቀብረው?»

እኔ ለዘንዶው እንኳ የምሳ ሰዓት አውጥቻለሁ፤ ስለ ቀባሪ ግን አላሰብኩም። እሳቸው ቲማቲም እየለቀሙ ነገሩኝ፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ሰው የሞተ ዕለት ማረሻ አይወጣም። ወናፍ አይነፋም። ወፍጮ አይዞርም። ሁሉም ይቀብራል፣ ሁሉም እስከ ሦስተኛው ቀን ይቀመጣል። ያልመጣውን ሰው ደግሞ ነገ ማንም አይመጣለትም። ከወረቀቱ ግርጌ ሁለቴ አሰመርኩበት። የመጀመሪያው እውነተኛ የመንደሬ ነገር ይሄ ነበር፤ አይግረማችሁና አውቶቡስ ውስጥ ሦስቴ አውጥቼ አንብቤዋለሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ፦ ጦረኛ የሆነ ረጅም ልጅ፣ አስማተኛ የሆነች ዝምተኛ ልጅ፣ እርስ በርስ የሚቀላለዱ ሁለት ወንድማማቾች። የሚፈልጉት አንድ ከሃዲ ነው፤ የንጉሡን ማኅተም ሰርቆ በመንደሯ ተደብቋል። ከሃዲው ማን እንደሆነ የምታውቀው ልጄ ብቻ ናት። እኔ ቀሪውን ሕዝብ ነበርኩ።

ጦረኛው መጀመሪያ ያገኘው ባለ ወፍጮውን ነው። እኔም እንደ ወጉ ሰላም አልኩት። እንደምን ዋልክ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ሰውነትህ ደህና ነው፣ ቤተሰብ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ እናትህስ እንደምን ናቸው።

ረጅሙ ልጅ ዓይኑን አጠበበ። «እናቴን ከየት ያውቃታል?»

«አያውቃትም፣ ደህንነቷን እየጠየቀ ነው» አለች ልጄ።

«ያላወቃትን ለምን ይጠይቃል? ይሄ ሰውዬ ጊዜ እየገዛ ነው። ከሃዲው እሱ ነው፤ ሰይፌን መዝዣለሁ።»

ጠጠሯን ወረወረ። ሃያ ወጣ። ባለ ወፍጮዬ «አዝመራውስ» እንዳለ ሞተ።

ወንድማማቾቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ሬሳውን ፈተሹ፤ ማኅተም የለም፣ ዱቄት ብቻ። «እሺ፣ ተሳስተናል» አለ ጦረኛው፣ «ሰይፌን ላስለው፣ አንጥረኛው ጋ እሄዳለሁ።»

«ዝግ ነው» አልኩ።

«ሱቁስ?»

«ዝግ ነው። ቀብር ላይ ናቸው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ሦስተኛው ቀን።»

ፈረስ ለመግዛት ሞከሩ፤ ባለ ፈረሱ ድንኳን እየተከለ ነው። ውሃ ቀጂዋን ጠየቁ፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አልፋቸው ሄደች። አንደኛው ወንድም ስልኩን አወጣ። ልጄ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን መታችኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ሁለተኛው ወንድም ስልኩን አወጣ። ልጄ ተነሳችና «ፓፓ፣ ኩሽና አንዴ» አለችኝ።

በሩን ዘጋችው። «ሰይፉን ይሳልለት።»

«እንዴት አድርጎ? የጎረቤቱ ሬሳ ገና ሳይቀበር አንጥረኛ ወናፍ ይነፋል?»

«ሰውዬው የለም እኮ! ከሁለት ሳምንት በፊት አንተ የፈጠርከው ነው።»

«ልጆች አሉት።»

«ፓፓ።»

«አራት።»

ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ንዴት ቢሆን እመርጥ ነበር። «ዛሬ እንዲህ ሆነው ከሄዱ አይመለሱም» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ገባህ? ሰኞ ትምህርት ቤት ማንም ምንም አይለኝም፤ ብቻ አይመለሱም።»

ገብቶኛል። ከባለ ወፍጮው ሞት እጅግ ቀድሞ ገብቶኛል። አንጥረኛውን እከፍታለሁ ልላት ነበር፣ እምላለሁ፤ ግን አፌ ለመሸነፍ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፣ ያን ጊዜ ሳይጨርስ እሷ ማቀዝቀዣውን እያየች፣ «ሁሉም ሰው ነው የሚመጣው?» አለችኝ። «ለቅሶው ላይ። የማይመጣ የለም?»

«የማይመጣ የለም።»

«የሚያወራስ?»

«ገብተህ ትቀመጣለህ። ንፍሮ ይሰጥሃል። ስትወጣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ትላለህ። እዚያ ተቀምጦ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

በሩን ከፍታ ወጣች። ጠረጴዛው ጋ ቆማ መተረክ ጀመረች። ድንኳኑን ተከለችው። ሰዎቹን ረድፍ በረድፍ አስቀመጠች። «የምትፈልጉት ሰው ከነዚህ አንዱ ነው» አለቻቸው። «መቅረት አይችልም፤ ከቀረ ይታወቅበታል። እናንተም ገብታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ግን ማንም ማንንም መጠየቅ አይችልም። የምታዩት ብቻ ነው።»

ስልኮቹ አንድ በአንድ ኪስ ገቡ።

የአስማተኛዋን፣ የዚያችን ዝምተኛ ልጅ፣ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። «ንፍሮውን የማይበላውን እፈልጋለሁ» አለች። ረጅሙ ልጅ ከገደለው ሰው ሚስት ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ቦታ ነበር የደረሰው፤ «ምን ልበላት?» ብሎ ልጄን ጠየቀ። «ምንም» አለችው። ወንበሩ ላይ ትንሽ አጠረ። እኔ ሚስትየዋን ሆኜ አንድ ሁለት የሙሾ ግጥም አዘጋጅቼ ነበር፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ ወደኔ ሳይዞር፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «ሽሽ፣ ለቅሶ ላይ ነን» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ከሃዲውን አላገኙትም፤ ሲወጡ ደረጃው ላይ ሁሉ እየተከራከሩ ነበር፣ ሳምንት በዚያው ሰዓት ተባባሉ። መምጣት የተዉትን ሁለቱን እንጥራቸው ያለም ነበር።

ብርጭቆ እያጠብን ልጄ ታዜማለች። ስታዜም ከሰማኋት ሁለት ዓመቴ ነው።

«ፓፓ» አለችኝ፣ «የዛሬ ሳምንት ሽፔትሺፍት ነህ?»

ከሰዓት በኋላ የሚገባውን ፈረቃ ማለቷ ነው። «አይደለሁም» አልኳት።

«መሆን ትችላለህ?»

ብርጭቆውን ከደረቀ በኋላም ትንሽ አደረቅኩት። «የመኝታ ቤቱን በር ዘግቼ እተኛለሁ» አልኳት። ጉንጬን ሳመችኝ። መንደሩም ሕዝቡም ከነወንዙ የእሷ ሆነ፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ እጅ ይልቅ በእሷ እጅ ያምርበታል፣ ይህን የምለው ግን ጥርሴን ነክሼ ነው።

አሁን ስድስቱም ይመጣሉ። የመኝታ ቤታችን ቁም ሳጥን ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ውስጡ ገብታችሁ በሩን ከሳባችሁት፣ የባለቤቴን የክረምት ካፖርት ወደ ግራ ገፋ ካደረጋችሁት፣ ጠጠሯ ስትንከባለል ሁሉ ይሰማል። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የምገኘው እዚያ ነው።