የጣቢያው ካርቶን

አክስቴን ሰፈሩ «እትዬ ካርቶን» ይላታል። የጤና ጣቢያው የኮንዶም ካርቶን ከብብቷ ሥር ተለይቶ አያውቅም። በወጣትነቷ ሴተኛ አዳሪ ነበረች፤ ይህን ልደብቅ ብላ አታውቅም። አሁን እዚያው ሥራ ላይ ላሉት ሴቶች ኮንዶም ታድላለች፣ ለምርመራ ትወስዳቸዋለች፣ ትመክራለች፣ ትቆጣለች። ደመወዟ ከቁጣዋ በጣም ያነሰ ነው።

«ወንዱ ይዞ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ፤ የገዛ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር» ነው ትምህርቷ።

«እትዬ፣ ለራስዎም አንድ ያስቀሩ እንጂ!» ብለው ሴቶቹ ያሾፉባታል።

«እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አንቺ ያዢ» ትላቸዋለች።

ምክሯን ከልብ የሰማችው ቀጮ ነበረች። ቀጮ እኩያዬ ናት። ልጇን እናቷ ዘንድ አስቀምጣ፣ እኔ ከምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ፊት ለፊት ያለው ፔንሲዮን በር ላይ ትቆማለች። ለአክስቴ ልጅ ማለት እሷ ናት፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያስቀናኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች መጥተው ሴቶቹን ከበሩ ላይ አፍሰው ወሰዷቸው። የሌሎቹ ቦርሳ ሲፈተሽ ኮንዶም ስላልተገኘበት ተመክረው ተለቀቁ። የቀጮ ቦርሳ ግን አክስቴ እንዳስተማረቻት ሙሉ ነበር። እሷ ታሰረች። ታዛዥ በመሆኗ ማለት ነው!

አክስቴ የሥራ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ስትሮጥ እኔም መቀሱን ጥዬ ተከተልኳት። መርማሪው ኮንዶሞቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

«አለቃ፣ እነዚህን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለችው።

«እንግዲያው እናት፣ እርስዎም አብረው ይጠየቃሉ። ለዚህ ሥራ ማመቻቸት ወንጀል ነው።»

«መታወቂያዬን ይመልከቱት እንጂ! ስጪ ብሎ የሚልከኝ መንግሥት ነው እኮ።»

«የላከዎት ጤና ነው። እዚህ ደግሞ ሕግ ነው። ይሄ የወንጀል ማስረጃ፣ ኤግዚቢት ነው።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ያ መታወቂያም እንደዚያው ሆነ። አክስቴ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትበገር አይደለችም።

«ሽንት ቤታችሁ በር ላይ ያለውን ካርቶንስ በየወሩ የማመጣው እኔ አይደለሁም?»

«እሱማ ለአባላት ጤና ነው።»

«የእሷስ?»

«የእሷ ለሥራ ነው።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ቀጮ እዚያው አድራ በማስጠንቀቂያ ተለቀቀች። «ሁለተኛ ቢገኝብሽ ፍርድ ቤት ነሽ» ተብላለች። ወሬው ሴቶቹን ሁሉ አዳረሰ። ከዚያ ወዲያ አክስቴን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ። ቀጮም «እትዬ፣ አፈር ስሆን፣ ይሄን ነገር ከእኔ ያርቁልኝ» አለቻት።

አክስቴ ኮንዶሙን ለፔንሲዮኑ ዘበኛ በአደራ ሰጠች፤ ሴቶቹ ሲፈልጉ ከእሱ እንዲወስዱ። ዘበኛው «እንጀራዬን ልታዘጉብኝ ነው?» ብሎ ከነላስቲኩ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወረው። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ አቤት ስትል «በስብሰባ እናነሳዋለን» አላት። ይኸው እስካሁን እያነሱት ነው።

ወራት አለፉ። ቀጮ ትኩሳት አልለቅ ብሏት ጤና ጣቢያ መጣች። ብቻዬን አልገባም ስላለች አክስቴና እኔ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ተገኘ።

«ምን ነበር ያልኩሽ? ምን ነበር ያልኩሽ?» ብላ አክስቴ ጮኸችባት።

ቀጮ አላለቀሰችም። «እትዬ፣ በሽታው ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። ፖሊሱ ግን በየቀኑ ይመጣል» አለች።

አክስቴ የቀጮን እጅ ያዘችና «መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ከዋጥሽ ትኖሪያለሽ፤ ልጅሽንም ታሳድጊያለሽ» አለቻት።

ገና ከወንበሩ ሳንነሳ የአክስቴ ስልክ ጮኸ። መርማሪው ነበር፤ ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

«እናት፣ የጣቢያው ካርቶን አልቋል። መቼ ያመጡልናል?»

«ኤግዚቢት አላቀርብም!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀጮም በዚያ ሁሉ መሃል ፈገግ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ግን አክስቴ ካርቶን ታቅፋ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ስትሄድ መንገድ ላይ አገኘኋት። ደሜ ፈላ።

«አንቺ ደግሞ አታፍሪም? ለእነሱ ትሸከሚያለሽ?» አልኳት።

«ሚስቶቻቸው ምን በደሉ?» አለችኝ፣ ሳትቆም።