የቧንቧው ትምህርት

ሴትዮዋ አገር ቤት አስተማሪ ነበረች? ጎረቤቷ ፍቅረማርያም ደቡብ አፍሪካ፣ ዮቪል ሰፈር ካለው ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኖ ስንት ጊዜ ራሱን ጠይቋል። የሚያውቀው በኮሮናው ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ፣ ከሌሊት ጥበቃ ስትመለስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣ ማስኳን እስከ ዓይኗ ስባ የግቢውን ልጆች እንደምትሰበስብ ብቻ ነው።

ዛሬ መጽሐፋቸውን አስዘግታ ወደሚያንጠባጥበው ቧንቧ ወሰደቻቸው። ልጆቹ ጠብታውን በባልዲ አጠራቅመው፣ ሰዓት ይዘው፣ በወር ስንት ሊትር በከንቱ እንደሚፈስ ሲያሰሉ ደነገጡ። ከዚያ መፍቻውን ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ሮሃ ሰጠቻት።

የሮሃ እናት ዓለምወርቅ ከመስኮት ጮኸች፦ «እህቴ፣ ልጄን የላክኋት ቧንቧ ሠሪ እንድትሆን አይደለም! ፈተና ላይ ቧንቧ ይመጣል?»

«ካልመጣ ጥፋቱ የፈተናው ነው» አለች ሴትዮዋ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«ሮሃ፣ ነይ ግቢ! ሁለተኛ እዚያ እንዳላይሽ!»

«ሃይቦ ማሚ!» አለች ሮሃ በአገሩ ልጆች የመገረም ቃል፤ «ፈትቼዋለሁ እኮ! እንዴት ትቼው ልምጣ?»

ሴትዮዋ እጇን ወደኋላ አጣምራ ቆመች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ሥራ ትገባለች። ሮሃ ውሃውን የሚያግደውን አዲስ ጎማ ሁለት ጊዜ አጣማ በሦስተኛው በትክክል ገጠመችው፤ ሴትዮዋ አንዴም አልነካችላትም።

ዓለምወርቅ ወርዳ ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ በኋላ አንድም ጠብታ አልወጣም።

«በሂሳቡም እንዲህ በጎበዘች» ብላ አጉረመረመች።

«ሂሳብ ነው የሠራችው። ነገ የመብራት ቆጣሪ እናነባለን።»

ዓለምወርቅ ልጇንና ቧንቧውን እያፈራረቀች አየች። «በስንት ሰዓት?» አለች።

ሴትዮዋ ሰዓቱን ነግራት ወደ ክፍሏ ገባች። ስትተኛ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር።