ጳጉሜ የሌለችበት ሪፖርት

ጎረቤቴ ፈጠነች ቦዲቲ ላይ የቤት ዕቃ ሱቅ መምራት ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ሆኗት ነበር ልበል እንጂ። ሱቁ የራሷ አይደለም፤ ሶዶ ያለ የአንድ ድርጅት ቅርንጫፍ ነው። በሩን ስትከፍት ግን ባለቤቷ ትመስል ነበር። ብረት ድስቱን ትወለውላለች፣ ብርድ ልብሱን ታጣጥፋለች፤ ከቢጠና የመጣች ገዢ በዋጋ ስትከራከራት በወላይትኛ ቀልዳ፣ አስቃ፣ ሸጣላት ትሸኛታለች።

አምና ድርጅቱ የየቅርንጫፉን ሽያጭ የሚደምር አዲስ ሶፍትዌር አሠራ። ወሩን ብቻ ስትመርጥለት መነሻና መድረሻ ቀኑን ራሱ ያሰላል፤ ከአንድ እስከ ሠላሳ። የጻፈው ቤኒ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ደሞዝ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ስለሚቀበል፣ ወሩም አሥራ ሁለት ነው ብሎ ጻፈው። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን እያልን ለፈረንጅ የምንኩራራ ሰዎች፣ ደሞዝ የሌላትን ወር እንዲህ ነው የምንረሳት።

የቦዲቲ ገበያ የሚደራው ደግሞ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሲቃረብ ነው። ሰው ቤቱን የሚያድሰው፣ ሰሃኑን የሚቀይረው ያኔ ነው። ጳጉሜ ላይ ፈጠነች ምሳ የምትበላበት ፋታ አታገኝም። የሶዶው ሱቅ ግን ዓመቱን ሙሉ ያለ ግርግር ይሸጣል።

ሐምሌ ላይ የበጀት ዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ቦዲቲ መጨረሻ ሆነች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታነህ ፈጠነችን ሶዶ ጠርቶ ስክሪኑን አሳያትና ቅርንጫፉ ሊዘጋ መሆኑን ነገራት።

«ጳጉሜ የታለች፣ አቶ ጌታነህ?» አለችው። «ነሐሴ ሠላሳ ያልቃል፣ መስከረም አንድ ይጀምራል። መሐል ያለችው የት ሄደች?»

«ፈጠነች፣ ጳጉሜ እኮ እንደ ወር አትቆጠርም። እነዚያ ጥቂት ቀናት ምን ይለውጣሉ?»

«ሽያጬ እዚያ ነው ያለው!»

«ሲስተሙ ያላየውን እኔ ከየት ላምጣልሽ?»

የጳጉሜን ሽያጭ ያስገባችበት የባንክ ስሊፕ እዚያው ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል፤ ተነስቶ ቢያየው ይበቃ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማሽኑስ ማሽን ነው፤ ሰውዬው ግን ከወንበሩ መነሳት ሰነፈ። ሱቁ ተዘጋ፣ ቤቱም ለሌላ ነጋዴ ተከራየ። ፈጠነች በዚያ ላለማለፍ ብላ ገበያ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመረች። ስታልፍ ሳያት አንጀቴን ትበላኛለች።

ኅዳር ላይ ኦዲተር መጥቶ ጉድለቱን አገኘው። ቤኒ ተጠርቶ ጳጉሜን አስገባ፤ ቦዲቲም ከሁሉም ቅርንጫፍ አንደኛ ወጣች። ጌታነህ ደግሞ አያፍርም፣ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ይዞ ቤቷ ድረስ መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። «የዓመቱ ምርጥ ቅርንጫፍ» ይላል፤ ከሥሩ ማኅተም አለበት።

«ሱቁን ልትከፍቱት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ፊቷ በርቶ ነበር።

«እሱማ ተከራይቷል። ይሄ ያው ለሞራል ነው።»

ፈጠነች ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ መልሳ አስታቀፈችው።

«ቅርንጫፍ ነው የሚለው፣ አቶ ጌታነህ። የእኔ ስም የለበትም። ይውሰዱና ቅርንጫፉ ላይ ይስቀሉት።»